የካልቱን መርገጫ

«የኋላውን ቁረጠው። ከእንግዲህ ብቻዬን ነው የምቀመጥበት።»

ካልቱን ይህን የሰማችው ሱብሒ ሰግዳ፣ መስገጃዋን ገና ሳታጥፍ ነበር። ባሏ አቦኮር ግቢው ውስጥ ከውሃው በርሜል አጠገብ ቆሞ በስልክ ያወራል። የሚያወራው በአማርኛ ነው። ሁለቱም ያደጉት ድሬዳዋ ነው፤ ልጆቻቸውን ግን ሀርጌሳ ወልደው ሀርጌሳ ስላሳደጉ፣ ልጆቹ ከሶማሊኛና ከትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሌላ አያውቁም። ስለዚህ በዚህ ቤት አማርኛ የባልና የሚስት ጓዳ ነው፤ ለሠርግ ምን ይወሰድ፣ ጎረቤት ለምን አኮረፈ፣ ልጅቷን ማን ሊጠይቅ አስቧል የሚባለው ሁሉ በአማርኛ ነው የሚባለው። እንግዲህ ሰውየው ሚስቱ እንዳትሰማው የፈለገውን ነገር፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ ሚስቱ ብቻ በምትሰማው ቋንቋ ጮክ ብሎ ተናገረ። ከስልኩ ማዶ ያለው ሞተር ሠሪው ፈይሳ ሶማሊኛው የገበያ ሶማሊኛ ነውና ምን ያድርግ።

«የኋላው» የተባለው የሞተሩ የኋላ መቀመጫ ነው። የሷ ቦታ ነው። አቦኮር ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ያቺን ቀይ የህንድ ሞተር ከገዛ ስምንት ዓመቱ። ጠዋት ጠዋት የመፍቻ ሣጥኑን ከፊት፣ ሚስቱን ከኋላ አድርጎ ከሰፈራቸው ከአያሃ ወደ ገበያ ያወርዳታል፤ የጨርቅ መደቧ ላይ ጥሏት ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ከዓስር ሶላት በኋላ መጥቶ ይመልሳታል። ካልቱን እንደ አገሩ ሴት ሁሉ ሁለት እግሯን በአንድ በኩል፣ በግራ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በግራ በኩል ለዚሁ የተሠራች ትንሽ የብረት መርገጫ አለችው። ቀሚሷን ሰብስባ ከጭኗ ሥር ታስገባለች፣ ቀኝ እጇን በወገቡ ታዞራለች፣ «ቢስሚላህ» ትላለች፣ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ብዙ አያወሩም። እሱ «ጉድጓድ!» ይላል፣ እሷ ጠበቅ ታደርገዋለች። ወፍጮ ቤቱ ኩርባ ጋ ሲደርሱ እሱ ከኋላዋ ላለ ሰው «ወዓለይኩሙ ሰላም!» ይላል፤ ለማን እንደሚል አይታ አታውቅም፣ ጀርባዋ ነው። እንዲህ ሆኖም ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ፍሪጄ አልቀዘቅዝ አለኝ የሚል ሰው አለ፤ ሁለቱ ብቻ የሚሆኑት ሞተሩ ላይ ነው። ያንን ነው ቁረጠው ያለው።

መስገጃዋን አጠፈችና ትንሽ ቁጭ አለች። ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን አስታወሰች። ገበያው አፍ ላይ፣ ገንዘብ መንዛሪዎቹ የሽልንግ እስራቸውን እንደ ጡብ ከደረደሩበት ጠባብ መንገድ፣ ከፊት የመጣ አንድ ፒክአፕ ስፖኪዮው ጉልበቷን ሊወስደው ነበር። ሲመጣ አየችው፤ እግሯን የምትሰበስብበት ቦታ የላትም፤ ዓይኗን ጨፍና ሸሃዳዋን አለች። አለፈ። ለአቦኮር አልነገረችውም። ሰውየው ከነገሩት ያስባል፣ ካሰበ አይተኛም። እሱም ዝም ብሎ ነዳ፤ አላየም ብላ አላህን አመሰገነች። ያ ነገር ከዛሬው ጋር ይገናኛል ብላ ግን አላሰበችም። ያሰበችው ሌላ ነው። ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ «ብቻዬን» ሲል፣ ሚስት የምታስበውን።

ቁርስ ሰዓት ሆነ። ላሆሁ፣ ስሱ የሶማሌ እንጀራ፣ ከሻሂው ጋር ቀርቧል፣ ሰሊጥ ዘይቱ ፈሶበታል፤ አቦኮር ላሆሁን ጠቅልሎ ጠቅልሎ ሳይጎርሰው መልሶ ይፈታዋል። ልጃቸው ፈርዶውሳ ለዩኒቨርሲቲ ፈተና እቤት ነው የምታጠናው፤ ወረቀቷን ከሻሂው ብርጭቆ ሥር አንጥፋ ታነባለች። ከኩሽናው ደጃፍ ያ ጥቁር ፍርግርግ ቆሟል። አቦኮር ካረጁ ፍሪጆች ጀርባ የሚፈታው ነው፤ ቀጫጭን ሽቦና ቱቦ ጎን ለጎን የተበየደበት፣ ሙቀት የሚያስወጣው። ከቤቱ ኋላ እንዲህ ያለ አሥራ ምናምን ተከምሯል። ካልቱን «ይሄን ብረት አውጣልኝ» ስትል ዓመታት አልፈው፣ አልወጣ ሲላት አንዱን ወስዳ ሳህን ማድረቂያ አደረገችው።

«ሞተሩን ዛሬ ፈይሳ ጋ አስገባዋለሁ» አለ አቦኮር በመጨረሻ፤ በሶማሊኛ ነው ያለው።

«ምን ሆነ?»

«ምንም። መልኩ አርጅቷል። የወጣቶቹን ዓይነት ላደርገው ነው፤ መሪው ዝቅ ያለ፣ ኋላው አጠር ያለ።»

«ኋላው አጠር ያለ» አለች ካልቱን።

«ዘመናዊው እንደዚያ ነው» አለና ብርጭቆውን አነሳ። ባዶ ነበር፤ ግን ጠጣው።

ፈርዶውሳ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ሆዮ፣ ባጃጅ ውሰጂ» አለቻት። «ከአቧራውም ትገላገያለሽ። በዚህ ዕድሜሽ ሞተር ላይ!» እናቷ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። አቦኮር ለመጀመሪያ ጊዜ የሣጥኑን ማሰሪያ ብቻ አይቶ፣ ከኋላው ማን አለ ብሎ ሳይዞር ወጣ። የሞተሩ ድምፅ እስከ ውሃ ቦቴው ማዞሪያ ድረስ ተሰማ፤ ከዚያ የፍየሎቹ ብቻ ቀረ።

ባጃጅ ከአያሃ ገበያ ሁለት ዶላር ተባለች። ልጁ መጋረጃውን ለአቧራው ዘግቶት ነበርና ከተማው በጨርቁ ስንጥቅ ብጥስጥስ እያለ አለፈ፤ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ግማሽ ግመል፣ የሆነ ሰው እጅ። ወፍጮ ቤቱ ኩርባ ጋ ሲደርሱ ማንም «ወዓለይኩሙ ሰላም» አላለም። ይሄ ለምን እንደከፋት ራሷም አልገባትም፤ ግን ከሁለቱ ዶላር ይልቅ የከፋት ይሄ ነው።

መደቧ ላይ ጨርቋን ዘርግታ ሳትጨርስ፣ ከጎኗ ሽቶና ቅባት የምትሸጠው ኪን አየቻት። ኪን ከሩቅ ሰው ሲራመድ አይታ ምን እንዳሳዘነው የምትናገር ሴት ናት። «ዛሬ ፈረስሽ የት ሄደ?» አለቻት። ካልቱን ነገሩን ነገረቻት። ኪን ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች፣ ከዚያ አሰበች። «አይ እህቴ» አለች፣ «የምትፈሪውን አውቄዋለሁ። ግን አስቢው። ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ያሰበ ሰው መቀመጫ ያስረዝማል እንጂ ያሳጥራል እንዴ? የት ሊያስቀምጣት ነው፣ መሪው ላይ?» ካልቱን ሳትወድ ሳቀች። ለድርዕ፣ ለሶማሌ ሴቶች ስስ ቀሚስ፣ የሚሆን ሦስት ሜትር ጨርቅ ቀደደች፣ ለአንዲት ሙሽራ እናት ስድስት ዶላሩን አምስት ተኩል አደረገችላት፣ ሁለት ጊዜ መልስ ተሳሳተች። አራት ሰዓት ሲሆን መደቧን ለኪን አደራ ብላ ተነሳች። ሰው የራሱን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ሄዶ በዓይኑ ቢያየው ይሻላል።

የፈይሳ ጋራዥ ማሕሙድ ሃይቤ የሚባለው ሰፈር ነው፤ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ መሬቱ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ። ፈይሳ የአዳማ ሰው ነው፤ በርበራ መንገድ ላይ የመኪና ረዳት ሆኖ መጥቶ እዚሁ ብየዳ ለመደና ቀረ። መቀመጫውን የምትሰፋው ሚስቱ ውድነሽ ናት፤ ስፌት መኪናዋ ከዳሱ ሥር፣ ቀዩም ጥቁሩም ቆዳ መሰል ላስቲክ ከጀርባዋ በምስማር ተንጠልጥሏል። ግቢው የወጣቶቹ ሞተሮች ሞልተውበታል። አንዱ ጭራው ተቆርጦ እንደ ተላጨ ዶሮ ቀርቷል፣ አንዱ መሪው ወርዶ ነጂውን በሆዱ ሊያስተኛ ደርሷል፣ አንዱ አረንጓዴ መብራት ከሥሩ ያበራል፣ ሁሉም የነዳጅ ታንካቸው ላይ «ማሻአላህ» ተለጥፎባቸዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የእርሳስ ጭረቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ከጎኑ ስም አለው። ፈይሳ ሰው ሳይለካ ሞተር አይነካም። ከወገብ እስከ ተረከዝ፣ ከትከሻ እስከ መዳፍ፤ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ይቆማል፣ እሱ ይጭራል። ካልቱን የባሏን ስም አየችው። ጭረቱ ገና ትኩስ ነው። ከጎኑ ማንም የለም።

«ኤዶ ካልቱን!» አለ ፈይሳ መቁረጫ ማሽኑን እያስቀመጠ። እዚህ አገር ታላቅ ሴት ኤዶ ትባላለች፣ ታላቅ ወንድ አዴር፤ እሱም ለምዶታል። እርስዎ ማለቱን ግን ካልቱን ድሮ ነው ያስጣለችው፤ ድሬ እርስዎ የለም ብላ። ውድነሽ ግን እስከ ዛሬ እምቢ ብላለች። «እንዴት አደሩ? ይቀመጡ» ብላ ዱካዋን አቀበለቻት።

ካልቱን አልተቀመጠችም። የሞተሩ መቀመጫ የውድነሽ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ቆዳው ተገፎ ስፖንጁ ራቁቱን ቀርቷል። መሃሉ ላይ በጠመኔ የተሰመረ መስመር አለ። ከመስመሩ በፊት የአቦኮር ነው፤ ከመስመሩ በኋላ የሷ። ስምንት ዓመት የተቀመጠችበት ስፖንጅ በግራ በኩል ጎድጉዷል፤ በቀኝ በኩል ገና አዲስ ይመስላል።

ውድነሽ፣ ካልቱን ስፖንጁን ስታይ አይታ፣ ጣቷን በጎድጓዳው ላይ አሳለፈች። «ስፖንጅ አይዋሽም» አለች። «ገና ስገፈው ነው ለፈይሳ፣ ይሄ የአንድ ሰው መቀመጫ አይደለም ያልኩት። ጠመኔውን እሱ ነው ያሰመረው፤ እኔ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ታዝዤ ነዋ» አለ ፈይሳ። «ብረቱንም ልቆርጥ ስል ነው የመጣሽው።»

«ለምን እንደሆነ ነግሮሃል?» አለች ካልቱን።

ፈይሳ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። የጠረገውን መልሶ ጠረገ። ውድነሽ «ንገራቸው እንጂ» አለችው፤ «ዝም ብለህ ሰው ታጠፋለህ!»

«አትንገራት ብሎኛል» አለ። «ግን መጥተሻል። ባለፈው ማክሰኞ ገበያው አፍ ላይ አንድ ፒክአፕ ጉልበትሽን ሊቆርጠው ነበር። በስፖኪዮውና በጉልበቷ መሃል ጣት አያስገባም ነበር አለኝ። በመስታወት ሲያይሽ ዓይንሽን ጨፍነሻል፤ እንቅልፍ ወስዷታል፣ አልሓምዱሊላህ አላየችም አለኝ። ከዚያ ወዲህ እሷን ከኋላ ጭኜ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ፍሬን ይዤ ነው የምሄደው፣ ፈራሁ ብላት ሞተሩን ሽጠው ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ያለሞተር ሥራ የለኝም፤ ስለዚህ መቀመጫው ከሌለ ነገሩም አይኖርም፤ አለኝ። መሪውን ዝቅ አድርግ ያለኝም ለማስመሰል ነው። ያንን የታመመ ወገብ ይዞ!»

«እንደ ማጭድ ታጥፈው ሊቀሩ» አለች ውድነሽ።

ካልቱን አሁን ተቀመጠች። ጠዋት ሙሉ ይዛው የዞረችው ነገር ከደረቷ ወርዶ የሆነ ቦታ ሲፈርስ ተሰማት፤ ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ፣ ንዴት ይሁን ሳቅ ያልለየለት። «እኔም አይቻለሁ» አለች። «አይቼው ነው የጨፈንኩት። እሱ እንዳይሰጋ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»  አንዲት ፍየል ገብታ የላስቲክ ቁርጥራጭ ማኘክ ጀመረች፤ ውድነሽ በጠመኔው መታቻት።

«ሌላ መላ የለም?» አለች ካልቱን። «ከመቁረጥ ሌላ።»

ፈይሳ ወደ ሞተሩ ወሰዳትና የግራ መርገጫዋን በመፍቻው መታ መታ አደረጋት። «ይሄ ሞተር የተሠራው ህንድ ነው። እዚያ አገር በግራ ነው የሚነዳው፤ ሴቷ እግሯን በግራ ስታደርግ ፊቷ ወደ ዳር፣ ወደ ሱቁ ይሆናል። ስትወርድም ዳር ላይ ትወርዳለች። እኛ ደግሞ በቀኝ ነው የምንነዳው። መርገጫዋ ግን ማን ይነግራታል? ከፋብሪካ እንደመጣች በግራ ቀረች። ስለዚህ አንቺ ስምንት ዓመት ጉልበትሽን ከፊት ለሚመጣ መኪና ዘርግተሽ ነው የተጓዝሽው። ኤዶ፣ እዚህ ከተማ ያለ ነገር ሁሉ ለሌላ አገር መንገድ የተሠራ ነው፤ መኪናው እንኳ መሪው በቀኝ ነው።»

«ታዲያ መርገጫዋን ወደ ቀኝ አዙራት!»

«አዴርም መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነው» አለ ፈይሳ። «ግን ማርሚታው በቀኝ ነው። ጭስ የሚወጣበት ይሄ ቱቦ እንደ ምጣድ ነው የሚግለው። መርገጫዋ ከሱ በላይ ትሆናለች፤ ቀሚስሽን ይበላዋል፣ እግርሽን ይጠብሰዋል። በቆርቆሮ ልሸፍነው ብል ቆርቆሮው ራሱ ይግላል። ለአንዷ ሞክሬው በሳምንቱ ባሏ ሊደበድበኝ መጣ።»

ካልቱን ማርሚታውን ረጅም ጊዜ አየችው። ሰላሳ ዓመት ከፍሪጅ ጠጋኝ ጋር የኖረች ሴት ስለ ሙቀት የምታውቀውን ማወቋን አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ኩሽናዋ ደጃፍ ያለው ነገር ፊቷ ድቅን አለ። ሙቀት እንዲያልፍበት እንጂ እንዲያድርበት ያልተሠራ ብረት። ያንን ብረት አውጣልኝ ስትል የኖረችው እሷው ናት። ስልኳን አወጣች።

«ፈርዶውሳ፣ ሳህን ማድረቂያውን በባጃጅ ላኪልኝ።»

«ሳህን ማድረቂያውን? ሆዮ፣ ሳህን ገበያ ላይ ልታጥቢ ነው?»

«ሳህኖቹን አውርጂና ፈይሳ ጋራዥ ላኪው። ሁለት አድርጊው፤ ሌላውን ከኋላ ካለው ክምር አንሺ። ትልቁን። ለአባትሽ አትደውዪ።»

ፍርግርጎቹ የደረሱት ዙሁር አዛን ሲል ነው። ባጃጁ ጫፋቸውን በመጋረጃው አውጥቶ መጣ፤ አንደኛው ላይ ፈርዶውሳ የረሳቻት አንዲት የሻሂ ማንኪያ ተንጠልጥላለች። ካልቱን ከዳሱ ጀርባ ሰግዳ ስትመለስ ፈይሳ አንደኛውን ቆርጦ፣ ከማርሚታው ሁለት ጣት አርቆ ይዞት ነበር። ሞተሩን አስነስቶ ለብዙ ጊዜ አጋለው። ውድነሽ አንድ የስፌት ቁራጭ ፍርግርጉ ላይ ጣለችበት። ሦስቱም እንደ ሐኪም ቆመው አዩት። ጨርቁ ሞቀ፤ አልተቃጠለም። «እንደ አልጋ ልብስ ነው፣ በአንዱ ላይ ሌላው ይደረባል» አለ ፈይሳ፣ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ እየደረበ። ጨርቁ ከዚያ በኋላ አልሞቀም። ለብ ብቻ አለ።

ከዚያ መለካት መጣ። ስፖንጁን ለልክ ቦታው መለሱት፤ ካልቱን ሞተሩ በመቆሚያው ቆሞ ሳለ እግሯን በቀኝ አድርጋ ወጣች፤ ፈይሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እርሳሱን ያዘ። የሴት ልክ የሚወሰደው በውድነሽ እጅ ነው፤ እሷ በሜትር ለክታ ትጣራለች፣ እሱ ጀርባውን እንደሰጠ ይጭራል። «ከጉልበት ተረከዝ፣ አርባ አንድ!» «አርባ አንድ።» «ከመቀመጫው እስከ ነጂው ወገብ፣ አሥራ ስምንት! ቅርብ ነው የሚቀመጡት።» «አሥራ ስምንት» አለ ፈይሳ ሳይስቅ። ከአቦኮር ጭረት ጎን አዲስ ጭረት ወጣ፣ ከጎኑ ስም ተጻፈ። ፈይሳ የግራዋን መርገጫ ፈትቶ በዚያ ልክ በቀኝ፣ ከፍርግርጉ በላይ በየዳት። የአቦኮርንም ልክ ደግሞ አየው። የፊቱን ስፖንጅ ሁለት ጣት አውርዶ እግሩ መሬት ሙሉ እንዲረግጥ፣ መሪውን በአራት ጣት አንስቶ ወደ ደረቱ አቀረበው፤ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ፣ የሚመጣውን ከሩቅ እንዲያይ። የኋላውን ስፖንጅ ውድነሽ በአዲስ ለወጠችና በቀኝ በኩል ትንሽ ሸለቆ አወጣችለት። ቆዳውን የመረጠችው ካልቱን ናት። የጨርቅ ነጋዴ አይደለች? የተንጠለጠለውን ሁሉ በጣቷ እያሸች አልፋ፣ አቦኮር ያዘዘውን ጥቁር ትታ ቡናማውን ያዘች፣ በነጭ ክር። «ጥቁር ፀሐይ ይጠጣል» አለች። ውድነሽ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስለ ኑሮ ጠየቀቻት፤ የቲማቲም ዋጋ፣ የሼክ ኑር ሰፈር የቤት ኪራይ፣ የውሃ ጀሪካን። ካልቱን መለሰችላት። ዋጋው ሁሉ ውድ ነበር፤ ጨዋታው ግን ደስ ይል ነበር።

አቦኮር ዓስርን ሰግዶ መጣ። ከግቢው በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ ያየው ሞተሩን ነው፣ ቀጥሎ ሚስቱን፣ ቀጥሎ ማርሚታው ላይ የተደረበውን የፍሪጅ ጀርባ፤ ያንን ከሁሉ በላይ ረጅም ጊዜ አየው። የማን ፍሪጅ እንደነበር እንኳ ሳያስታውስ አልቀረም።

«ማን ነው ያዘዘው?» አለ፤ በአማርኛ።

«እኔ» አለች ካልቱን። «ፒክአፑን አይቼዋለሁ አቦኮር። አልተኛሁም ነበር።»

ኮፊያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «አይተሽ ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

 ፈይሳ መፍቻ የሚፈልግ መስሎ አጎነበሰ፤ ውድነሽ ግን ምንም አልመሰለችም፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታያለች። አቦኮር ሄዶ ሞተሩን አስነሳ። ሰው ሻሂ ጠጥቶ እስኪጨርስ ያህል አጋለው፤ ከዚያ እጅጌውን ሰቅሎ ክንዱን ውስጡ ድረስ ፍርግርጉ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። አዙሮ ሌላኛውን ክንዱን አሳረፈ። «አየር ያልፋል» አለ ለራሱ፣ በሥራ ድምፁ። «ፍሪጅም የሚድነው በዚሁ ነው።» ያም ሆኖ አልረካም። «ሚዛኑስ? ስምንት ዓመት በግራ ነው የለመድኩት። በቀኝ ስትቀመጥ ቢዘነብልብኝስ? መጀመሪያ ሌላ ሰው ጭኜ ልይ።»

ሌላ ሰው ማን ነው? ውድነሽ ያለ አንድ ቃል ነጠላዋን አንስታ ባሏ ራስ ላይ ጣለችው።

ፈይሳ፣ ግንባሩ ላይ የብየዳ መነጽር፣ ትከሻው ላይ ነጠላ፣ ሁለት እግሩን በቀኝ ሰብስቦ ከአዴር አቦኮር ኋላ ወጣ። በአጥሩ በር ሲወጡ ማዶ ያሉት ጫት ሻጮች አዩ። «ማሻአላህ ሙሽራው!» አለች አንዷ። «ጢሟ ያምራል!» አለች ሌላዋ። ፈይሳ ነጠላውን እንደ ዓይነ አፋር ሴት በጥርሱ ያዘው። ሞተሩ እስከ መስጊዱ ሄዶ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ተንገዳግዶ፣ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ሲወርድ አቦኮር ይስቅ ነበር፤ ካልቱን ከማክሰኞ ወዲህ ሲስቅ አላየችውም፣ አለማየቷንም ያወቀችው አሁን ነው። ሒሳቡ የተነጋገሩት አርባ ዶላር ነው፤ ፈይሳ መቁረጡም መጨመሩም ያው ነው አለ፤ አቦኮር በስልኩ ላከለት።

ወጣች። ቀሚሷን ሰብስባ ከጭኗ ሥር አስገባች። ቀኝ እጇ እንደ ልማዱ ወገብ ፈልጎ ባዶ አየር ያዘ፤ አሁን ግራዋ ነው። ግራ እጇን በወገቡ አዞረች። «ቢስሚላህ» አለች። ሁለቱም አሉ።

መንገዱ ያው መንገድ ነው። ስምንት ዓመት በመኪናዎች ማዶ ያየችው ዳር ግን አሁን እጇ ሥር መጣ። የደጃፉ ቀለም መላጡ፣ የልብስ ሰፊው ጣት፣ ሰሃን ላይ ያለ የተምር ፍሬ፤ አንድ ሕፃን እናቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ዓይኗን ዓይኗን አያት። መኪናዎቹ ከጀርባዋ ናቸው፤ የጀርባን የሚጠብቅ አላህ ነው። አቦኮር ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። «ጉድጓድ» አለ፣ ዛሬ ሳይጮህ።

ወፍጮ ቤቱ ኩርባ ጋ ሲደርሱ አንድ ሽማግሌ አየች። ከግድግዳው ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ በትራቸው በጉልበታቸው መሃል። በትሩን አነሱና ቀጭን ድምፅ አወጡ። «አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም ሐጂ ዒዲል!» አለ አቦኮር።

«ቁም» አለችው ካልቱን።

ቆመ። እግሩ መሬቱን ሙሉ ረገጠ። የሷም እግር የወረደው ዳር ላይ ነው፤ ሽማግሌው ፊት።

ሐጂ ዒዲል ቀና ብለው በደንብ አዩዋት። «አንቺ ነሽ እንዴ ያ ጀርባ?» አሉ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ለጀርባ ሰላምታ ሳቀርብ! ጠዋት ከወዲያኛው ግድግዳ እቀመጣለሁ፣ ወደ ገበያ ስትሄዱ፤ ጀርባ። ማታ ጥላው ወደዚህ ሲዞር ወንበሬን አሻግራለሁ፣ ስትመለሱ፤ አሁንም ጀርባ። ባልሽን ልጠይቀው አስቤ ነበር፣ ይቺ ሴት ተቀይማኛለች ወይ ብዬ።»

ካልቱን ለማን እንደሚመለስ ሳታውቅ ስምንት ዓመት የሰማችው መልስ ጆሮዋ ላይ አለፈ። ለብዙ ሰው በቀረበ ሰላምታ አንዱ ከመለሰ ለሁሉም ይበቃል ይላሉ፤ አቦኮር መልሶላታል እንግዲህ። ቢሆንም ሻሿን አስተካክላ፣ ሞተሩ እስኪጠፋ ጠብቃ፣ ሙሉውን መለሰችላቸው።

«ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ አቦ።» ከዚያ ጠየቀቻቸው። «ነገ ጠዋት ከወዲያ ነዎት?»

«ጥላው ከወዲያ ከሆነ፣ ኢንሻአላህ» አሉ ሽማግሌው።

ተመልሳ ወጣች። ግራ እጇ አሁን ወገቡን በመጀመሪያው አገኘው።